ምዕራፍ 7፦ በሁለት ፍጥነት መካከል የቆመ ድምፅ

ጄነራል ሌቪ በሚለው የመድረክ ስሙ የሚታወቀው ፖል ስኮት ሌቪ በ1971 ለንደን ውስጥ የተወለደ ከሬጌ የወጡት የዳንስሆልና የራጋ ስልቶች ድምፃዊ ነው። (ዓመታቱ እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙያውን የጀመረው በሰፈር የጭፈራ ድግሶች ላይ ማይክ እየጨበጠ ነው። ስሙ በመላ ብሪታንያ የተሰማው ደግሞ በ1994፣ “ኢንክሬዲብል” የተሰኘው ነጠላ ዜማ በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ላይ በወጣ ጊዜ ነበር።

ይህን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ግራ ይጋባል። ከበሮው ትንፋሽ እስኪያጥር ይሮጣል፤ ድምፃዊው ግን አይሯሯጥም። ቃላቱን ተረጋግቶ ይጥላቸዋል፣ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ያርፋሉ፣ ከበሮውም ጥሎት አይሄድም። ሁለት የተለያዩ ሙዚቃዎች በአንድ ጊዜ የተከፈቱ ይመስላሉ፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን አያውክም። በምዕራፍ 5 የሙዚቃ ፍጥነት በደቂቃ ውስጥ በሚመታው ምት ብዛት እንደሚለካ ታይቷል። ይህ ምዕራፍ ከዚያ አንድ እርምጃ ይቀጥላል፦ አንድ ሙዚቃ ሁለት ፍጥነት ሊኖረው እንደሚችልና ድምፃዊው በሁለቱ መካከል የት እንደሚቆም ያሳያል። የሌቪ የሙያ ጉዞ ለዚህ ከሚገኙት ምሳሌዎች ሁሉ ጥርት ያለው ነው።

ሃርልስደንና አካባቢው

ሌቪ ያደገው በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በሃርልስደንና በዌምብሊ አካባቢ ነው። ከ1948 አንስቶ ብሪታንያ የስደተኞችን መግቢያ በሕግ እስካጠበበችበት እስከ 1962 ድረስ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአውቶቡስና በባቡር ድርጅቶች፣ በሆስፒታሎችና በፋብሪካዎች ሥራ ያዙ። ብዙዎቹ ከሰፈሩባቸው የለንደን ክፍሎች አንዱ ይህ አካባቢ ነበር። ሙዚቃቸውም አብሯቸው መጣ። በነጮች የጭፈራ ቤቶች በር ላይ እየተመለሱ ስለተቸገሩ በየመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተክለው ቅዳሜ ሌሊቱን ይጨፍሩ ነበር።

አካባቢው ለሬጌ ንግድ ዋና ሥፍራ ሆነ። የጃማይካን ሙዚቃ ለብሪታንያ ገበያ ያቀረበው ትሮጃን ሬከርድስ በ1968 ሲቋቋም መቀመጫው ከሃርልስደን ብዙም የማይርቀው ኒስደን ሌን ላይ ነበር። የፓልመር ወንድማማቾች ያቋቋሙት ፓማም የዚሁ አካባቢ ነው፤ በኋላ ጄት ስታር በሚል ስም የሬጌ ሸክላዎችን በመላ አገሪቱ የሚያከፋፍል ድርጅት ሆኖ ነበር። በኪንግስተን የታተመ ሸክላ በአውሮፕላን ተጭኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሃርልስደን ያሉት ሙዚቃ ቤቶች ይደርስ ነበር። በዚያ ያደገ ልጅ ጃማይካን ሳይረግጥ የጃማይካን አዲስ ዜማ ከነትኩሳቱ ይሰማ ነበር። ሌቪ በአፍላ ዕድሜው ማይክ የጨበጠው እንዲህ ባለ ሰፈር ነው።

ማይኩን የያዘው ሰው

በምዕራፍ 3 ስለ ጃማይካ ሳውንድ ሲስተም ተነግሯል። ሳውንድ ሲስተም ማለት ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች፣ አምፕሊፋየር፣ የሸክላ ስብስብና እነዚህን ይዞ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ቡድን ነው። በቡድኑ ውስጥ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ሸክላውን የሚመርጠውና የሚያጫውተው ሴሌክተር ይባላል። ዲጄ የሚባለው ደግሞ ማይክ ይዞ በሙዚቃው ላይ የሚናገረው፣ የሚያንጎራጉረው፣ ሕዝቡን የሚያሟሙቀው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዲጄ ሲባል ሙዚቃ የሚያጫውተው ሰው ስለሚታሰብ ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ በጃማይካ ልማድ ዲጄ ድምፃዊ ነው።

የዲጄ ጥበብ መነሻ ከሸክላ ጀርባ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የጃማይካ አሳታሚዎች የነጠላ ዜማውን ዘፈን በአንዱ ገጽ፣ ከድምፃዊው የጸዳውን አጃቢ ሙዚቃ በሌላው ገጽ ማተም ጀመሩ። በባዶው ገጽ ላይ መናገር ለማንም ክፍት ሆነ። በ1970 ዩ-ሮይ የተባለው ዲጄ በፕሮዲዩሰሩ በዱክ ሪድ ስቱዲዮ በዚህ መንገድ የቀዳቸው ሥራዎች የጃማይካን የሽያጭ ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ያዙ። ከዚያ ወዲህ በጃማይካ ዲጄነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሪዲም

ከዘፋኝ የጸዳው አጃቢ ሙዚቃ ሪዲም ይባላል። ሁለት ምሰሶዎች አሉት፦ የቤዝ ጊታሩ ተደጋጋሚ ሐረግና የከበሮው አመታት። አንድ ሪዲም የአንድ ዘፋኝ ብቻ አይደለም። ከወጣ በኋላ አሥርም ሃያም ድምፃውያን እየተቀባበሉ የየራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይጭኑበታል። አንድ ዜማ የአንድ ድምፃዊ ነው ብሎ ለለመደ አድማጭ ነገሩ ስርቆት ሊመስለው ይችላል። ለድምፃዊው ግን ከዚህ የከበደ ፈተና የለም። አጃቢው ለሁሉም አንድ ስለሆነ በባንዱ ድምቀት ወይም በቅንብሩ ውበት መደበቅ አይቻልም፤ የሚለየው ድምፁ፣ ቃሉና ጊዜ አጠባበቁ ብቻ ነው።

ራጋ የሚባለው ስልት የተወለደው ሪዲም ከባንድ እጅ ወጥቶ ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲገባ ነው። በ1985 አካባቢ ዘፋኙ ዌይን ስሚዝና ጓደኛው ኖኤል ዴቪ ካሲዮ ኤምቲ-40 በምትባል ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት አገኙ። ምቱን የቀመረችው ጃፓናዊቷ የካሲዮ ባለሙያ ሂሮኮ ኦኩዳ ናት። ኪንግስተን ውስጥ ዋተርሃውስ በተባለው ሰፈር ስቱዲዮ የነበረው ፕሮዲዩሰር ኪንግ ጃሚ ምቱን ቀዝቀዝ አድርጎ “አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ” የሚለውን ዜማ ሠራበት። በአጭር ጊዜ ውስጥ በርካታ ድምፃውያን በዚያው ሪዲም ላይ ቀዱ፤ ዛሬ በእሱ ላይ የተሠሩት ዜማዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

የዚህ ለውጥ ትርጉም ከወጪ ቅነሳ ያልፋል። የባንድ ሬጌ ጊታር፣ ኦርጋን፣ የትንፋሽ መሣሪያ ነበረው። የኤሌክትሮኒኩ ሪዲም ግን ብዙ ጊዜ ከበሮና ቤዝ ብቻ ነው፤ መሐሉ ክፍት ነው። ያን ባዶ ቦታ የሚሞላው ድምፃዊው ሆነ። ዜማ ከማሳመር ባሻገር ቃላቱን እንደ ከበሮ መምታት ግዴታው ሆነ። ራጋ ድምፃዊን ለመገምገም የድምፁን ጥራት ብቻ መስማት የማይበቃው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ ግፊት የሚወጣው የቃል ክፍል፣ በየትኛው የጊዜ ነጥብ ላይ እንደሚያርፍ መከታተል ያስፈልጋል።

የሳክሰን ትውልድ

የብሪታንያ ዲጄዎች ለረጅም ጊዜ የኪንግስተንን ጥላ ሲከተሉ ቆይተዋል። ግጥሙም፣ የቃል አጣጣሉም፣ የሚነሱት ቦታዎችም የጃማይካ ነበሩ። ይህ የተለወጠው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ሉዊሻም ውስጥ በተመሠረተው ሳክሰን ሳውንድ ኢንተርናሽናል ዙሪያ ነው። ፒተር ኪንግ የተባለው የሳክሰን ዲጄ ፈጣን አነጋገር የሚባለውን ስልት ጀመረ፦ መደበኛ በሆነ የሬጌ ፍጥነት ጀምሮ በድንገት ቃላቱን በእጥፍ ማፍጠን። ጓደኞቹ ስልቱን ተቀብለው አሳደጉት።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ1984 የሳክሰኑ ፓፓ ሌቪ በራስ ተፈሪያን እምነት ላይ የተመሠረተውን “ሚ ጋድ ሚ ኪንግ” ቀድቶ በጃማይካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። (ይህ ድምፃዊ የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ ከሆነው ከጄነራል ሌቪ የተለየ ሰው ነው።) ከብሪታንያ የተነሳ ዲጄ እዚያ ቦታ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት የሳክሰኑ ስማይሊ ከልቸር “ኮክኒ ትራንስሌሽን” በሚለው ሥራው የምሥራቅ ለንደን ነጮችንና የጃማይካ ልጆችን አነጋገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ዘፈነ፤ “ፖሊስ ኦፊሰር” የተሰኘው ተከታዩ ደግሞ በብሪታንያ 12ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1986 የሳክሰኑ ቲፓ አይሪ “ሄሎ ዳርሊንግ”ን 22ኛ ላይ አደረሰ።

ጄነራል ሌቪ በዚህ ጊዜ ገና ታዳጊ ነበር። ከሳክሰን ልጆች ሁለት ነገር ወረሰ። አንደኛው ለንደን ውስጥ የተወለደ ሰው ስለ ለንደን በለንደን አነጋገር ቢዘፍን ጃማይካ እንኳ እንደሚሰማው ነው። ሁለተኛው፣ ለዚህ ምዕራፍ የሚበልጠው፣ አንድ ድምፃዊ በአንድ ሪዲም ላይ ሳለ ከቀርፋፋ ወደ ፈጣን፣ ከፈጣን ወደ ቀርፋፋ መሻገር እንደሚችል ነው።

ወደ ሸክላ

ሌቪ ከሳውንድ ሲስተም ወደ ስቱዲዮ የተሻገረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1991 ከጃማይካዊው ዲጄ ኬፕልተን ጋር “ደብል ትረብል” የተሰኘ የጋራ አልበም አወጣ። ዋናው ቤቱ ግን ፋሽን ሬከርድስ ሆነ። ይህን አሳታሚ በ1980 የመሠረቱት የደብ ቬንደር ሙዚቃ ቤት ባለቤት ጆን ማክጊሊቭሬይና አጋሩ ክሪስ ሌን ናቸው። “ኮክኒ ትራንስሌሽን” የታተመውም በእነሱ ነው። ሙዚቃ ቤትና ስቱዲዮ አንድ ላይ መያዛቸው ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ በሳምንቱ የትኛው ሪዲም ተፈላጊ እንደሆነ ከመደብሩ ደንበኞች ይረዳሉ፣ ድምፃዊውን ጠርተው ያስቀዱታል፣ ሸክላው ደግሞ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

በ1992 ፋሽን “ዘ ዊኬደር ጄነራል” የተሰኘውን የሌቪን አልበም አወጣ። እዚህ ላይ የድምፁ መለያ ጎልቶ ወጣ። ሌቪ የተሳበውን አናባቢ በጉሮሮው ድንገት እየቆረጠ እንደገና ይለቀዋል፤ ሰሚዎች ስቅታ ይሉታል። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ሥራ አለው። ጉሮሮ ሲዘጋ ለቅጽበት ዝምታ ይፈጠራል፣ ሲከፈት ደግሞ ድምፁ በጠንካራ ጫፍ ይጀምራል። ዝምታና ጠንካራ ጫፍ ደግሞ የከበሮ ባሕርይ ናቸው። አንድ የተሳበ ድምፅ በሦስትና በአራት ስቅታ ሲቆራረጥ ድምፃዊው ተጨማሪ ቃል ሳያስፈልገው ሪዲሙ ላይ አዲስ የምት መስመር ይጨምራል።

ወቅቱም ደገፈው። 1993 ራጋ የብሪታንያን ገበያ ያጥለቀለቀበት ዓመት ነው። ሻጊ “ኦ ካሮላይና”ን አንደኛ ላይ አወጣ፤ ቻካ ዴመስና ፕላየርስ “ቲዝ ሚ” በሚለው ዜማ ወራት ሙሉ ተደመጡ፤ በበርሚንግሃም ሃንድስወርዝ ያደገው የሕንድ ተወላጅ አፓቼ ኢንዲያን “ቡም ሻክ-አ-ላክ”ን 5ኛ አደረሰ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የራጋ ድምፃዊ ፍለጋ ወጡ። የለንደን ሬከርድስ ክፍል የሆነው ኤፍኤፍአርአር ሌቪን አስፈርሞ በዚያው ዓመት “ዊክድነስ ኢንክሪስ” የተሰኘ አልበም አወጣለት። ሆኖም ሰፊው ሕዝብ ዘንድ ያደረሰው ዜማ የመጣው ከዚህ ትልቅ ኩባንያ አልነበረም።

እናትና ልጅ በአንድ መንገድ

ወደ ፍጥነት ጥያቄ እንመለስ። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ መንገድ ላይ ትሄዳለች እንበል። እሷ አንድ እርምጃ ስትራመድ እሱ ሁለት ይራመዳል። እግሮቹን ብቻ የሚያይ ሰው ልጁ እየሮጠ ነው፣ እናቱ እየተንሸራሸረች ነው ይላል። ሁለቱ ግን እኩል እየሄዱ ነው፤ እኩል ይደርሳሉ። እጃቸው ሳይላቀቅ የሚሄዱበት ምክንያት ቁጥሩ ነው፦ የልጁ እርምጃ የእናቱ ልክ እጥፍ ስለሆነ የእናቱ እግር መሬት በነካ ቁጥር የልጁም እግር አብሮ ይነካል። እጥፍነቱ ቢጎድል፣ ለምሳሌ እሷ አምስት ስትራመድ እሱ ሰባት ቢራመድ፣ እግሮቻቸው አብረው የሚያርፉት አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል፤ ልጁም ይጎተታል።

ጃንግል በሚባለው የ1990ዎቹ መጀመሪያ የለንደን ሙዚቃ ውስጥ ልጁ ከበሮው ነው፤ እናቲቱ ቤዙ ናት። የጃንግል ከበሮ በደቂቃ 160 አካባቢ ይመታል፤ ከዚያም በላይ የሚሄድ አለ። ይህ ማለት በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 0.375 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ምት ለአራት ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ጆሮ በሰከንድ ውስጥ ከአሥር የሚበልጡ ትንንሽ የከበሮ ድምፆች ሊሰማ ይችላል። ቤዙ ግን ይህን ሁሉ አይከተልም። ረዘም ያለ ድምፁን አውጥቶ ይቆያል፣ በደቂቃ 80 በሆነ አካሄድ ይንቀሳቀሳል። ሰማንያ የአንድ መቶ ስልሳ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ቤዙ ባረፈ ቁጥር ከበሮውም አብሮ ያርፋል።

የከበሮው ሩጫ ከየት መጣ? ከድሮ ሸክላ ነው። ዊንስተንስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1969 ባወጣው “ኤመን፣ ብራዘር” ውስጥ ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ለስድስት ሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን ይመታል። የለንደን ወጣቶች ይህንና መሰል ቁርጥራጮችን ሳምፕለር በሚባል መሣሪያ ቀዱ። ሳምፕለር ድምፅን ቀድቶ፣ ቆራርጦ፣ ቅደም ተከተሉን ቀያይሮ መልሶ የሚያጫውት ኮምፒውተር መሰል ዕቃ ነው። ቁርጥራጮቹን አፈጠኗቸው፣ ከፋፈሏቸው፣ ማንም ከበሮ መቺ በእጁ ሊመታው በማይችል ቅደም ተከተል ገጣጠሟቸው። ኮልማን ከዚህ ሁሉ ሥራ ክፍያ ሳያገኝ በ2006 አረፈ። የብዙ ሺህ ዜማዎች ምሰሶ የሆነ ሰው ባዶ እጁን መቅረቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት አሳዛኝ ነገሮች ዋነኛው ነው።

አሁን ድምፃዊው የት ይቁም? በደቂቃ 160 የሚሮጠውን ከበሮ ተከትሎ በየንዑስ ምቱ ላይ አንድ ቀለም ልጣል ቢል በሰከንድ ከአሥር በላይ ቀለም ማውጣት ይኖርበታል። ለአንድ ሐረግ ያህል የሚችል አለ፤ ለሙሉ ዘፈን ግን ትንፋሹም አይበቃም፣ ቃሉም አይሰማም። ከእናቲቱ ጎን ከቆመ ግን ነገሩ ይቀላል። የዳንስሆል ሪዲሞች ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ባለው መካከል ነው። ኪንግስተን ውስጥ በ80 መዝፈን የለመደ ዲጄ ጃንግል ላይ ሲወጣ አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም፤ ቤዙ የሚሄደው እሱ በሚያውቀው እርምጃ ነው። በእያንዳንዱ የቤዝ ምት ላይ አራት ቀለም ቢጥል በሰከንድ አምስት ያህል ይሆናል። ይህም ለምላስ የሚመች ፍጥነት ነው።

የራጋ ድምፆች ለጃንግል ልክ ሆነው የተገኙበት ምክንያት ይኸው ነው። ለንደን ውስጥ ሬጌ ሰምተው ያደጉ ልጆች የሬጌን ቤዝ ሳይለቁ ከበሮውን ብቻ ሲያፈጥኑት፣ የወላጆቻቸው ሙዚቃ በነበረበት እርምጃ ውስጥ ቀጠለ። ጭፈራውም ለሁለት ተከፈለ፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንዱ እግሩን ከከበሮው ጋር ሲያሯሩጥ ሌላው ወገቡን ከቤዙ ጋር ቀስ ብሎ ያወዛውዛል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

“ኢንክሬዲብል”

ከ1994 በፊት በጃንግል ውስጥ የሚሰማው የራጋ ድምፅ በአብዛኛው ከሸክላ የተቆረጠ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ከአንድ የዳንስሆል ዜማ ሁለት ሦስት ቃል ይቀዳል፣ ይደጋግመዋል፣ ከበሮው መሐል ይሰነቅረዋል። ድምፃዊው ስቱዲዮው ውስጥ የለም፤ ብዙ ጊዜም ድምፁ እንደተወሰደ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሥራ ጭፈራን ያሞቃል፤ መነሻና መድረሻ ያለው ዘፈን ግን አይሆንም።

ኤም-ቢት በሚል ስም የሚሠራው ወጣቱ ማርሎን ሃርት ከጄነራል ሌቪ ጋር ሆኖ ሬንክ ሬከርድስ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ ያወጣው “ኢንክሬዲብል” ይህን ቀየረ። ድምፃዊው ራሱ ማይክ ፊት ቆሞ፣ ሙሉ ግጥም ከነአዝማቹ፣ ለዚያው ለጃንግል ምት ቀዳ። ልዩነቱ ሲደመጥ ይታወቃል። የተቆረጠ ድምፅ ከበሮው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ የሌቪ ድምፅ ግን ከበሮውን እየሰማ ይመልስለታል። አብዛኛውን ጊዜ ከእናቲቱ ጋር ይራመዳል፤ ቃላቱ በቤዙ ምት ላይ ሰፋ ሰፋ ብለው ያርፋሉ። ከዚያ በድንገት ወደ ልጁ እርምጃ ይሻገርና ቀለማቱን ያጠጋጋቸዋል፤ ስቅታው ደግሞ ከተሰነጣጠቀው ከበሮ ጋር ይመሳሰላል። ትንሽ ሮጦ ተመልሶ ይረጋጋል። ሙዚቃው አንድም ጊዜ ፍጥነቱን ሳይለውጥ አድማጩ የፈጠነና የቀዘቀዘ ይመስለዋል። የሳክሰን ልጆች በሬጌ ሪዲም ላይ በምላሳቸው ብቻ ይሠሩት የነበረው እጥፍ፣ እዚህ በሙዚቃው አካል ውስጥ ተሠርቶ ጠበቀው።

ዜማው በ1994 ሰኔ አካባቢ መጀመሪያ ሲወጣ 39ኛ ላይ ቆመ። መስከረም ላይ እንደገና ሲወጣ ነው 8ኛ የደረሰው። ያኔ ጃንግል ፈቃድ በሌላቸው ሬዲዮኖች የሚኖር ሙዚቃ ነበር፤ በ1991 ሃክኒ ውስጥ ሥርጭት የጀመረው ኩል ኤፍኤም የታወቀው ምሳሌ ነው። በእነዚህ ጣቢያዎችና በምሽት ጭፈራዎች ብቻ ይሰማ የነበረ ስልት በአገሪቱ አሥር ምርጥ ዜማዎች ውስጥ ሲገባ ጋዜጦችም ስለ ጃንግል መጻፍ ጀመሩ። ሻይ ኤፍኤክስና ዩኬ አፓቺ የሠሩት “ኦሪጅናል ነታ”ም በዚያው ዓመት ሰንጠረዡ ውስጥ ገብቷል።

የባለቤትነት ጥያቄ

ዝናው ግን ጠብ ይዞ መጣ። ሌቪ ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ላይ የጃንግል መሪ ነኝ ብሏል ተብሎ ታተመ። እሱ ቃሉ ከታሰበው ውጪ እንደተተረጎመበት ቢናገርም፣ የስልቱ ቀደምት ፕሮዲዩሰሮችና ሸክላ አጫዋቾች ተሰባስበው ሥራውን ላለማጫወት ተስማሙ። በሬዲዮ ቀን ከሌት የሚሰማ ዜማ በተወለደበት የጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ተዘጋበት።

የጠቡ ሥር ከአንድ ሰው ንግግር ጠለቅ ይላል። በራጋ ውስጥ ዲጄ ራሱን ንጉሥ፣ ጄነራል፣ ሻምፒዮን እያለ መጥራቱ የሙያው ደንብ ነው። ሳውንድ ሲስተሞች ሲፋለሙ ተፎካካሪን በቃል ማሳነስ ይጠበቃል፤ ማንም ቃል በቃል አይወስደውም። በጃንግል ውስጥ ግን ስሙ የሚጠራው የፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ድምፃዊው እንግዳ ነው። ለዓመታት ያለ ክፍያና ያለ ስም በየመኝታ ክፍላቸው ሳምፕለር ላይ ሲደክሙ የኖሩ ሰዎች፣ ካሜራው ሲመጣ ማይክ የያዘው ላይ ሲያነጣጥር ማየታቸው አስቆጥቷቸዋል። ቁጣቸው የሚያስገርም አይደለም። ሌቪ ግን ለዚህ ሁሉ ቅሬታ ብቻውን ከሚገባው በላይ ከፍሏል፤ ያንን ስቅታና ያንን ጊዜ አጠባበቅ ስቱዲዮ ውስጥ ያመጣው እሱ ነበርና።

ኤም-ቢት በበኩሉ በዚያው በ1994 ከድምፃዊቷ ናዝሊን ጋር “ስዊት ላቭ”ን፣ በ1996 ደግሞ ከጃሚሮኳይ ባንድ ጋር ሌላ ዜማ ሠርቶ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ

ሌቪ ከጠቡ በኋላም ማይኩን አላስቀመጠም። በ2002 “አሊ ጂ ኢንዳሃውስ” የተሰኘው ፊልም “ኢንክሬዲብል”ን ሲያሰማ፣ ዜማው ሲወጣ ሕፃናት የነበሩ አድማጮች አወቁት። በሚቀጥሉት ዓመታት በአውሮፓ የሬጌ ፌስቲቫሎችና ጃንግል በሚታወስባቸው ምሽቶች ላይ እየተጋበዘ ዘልቋል፤ ከአውሮፓ ፕሮዲዩሰሮች ጋርም በሬጌና በጃንግል ሪዲሞች ላይ አዳዲስ ሥራዎችን ቀድቷል።

ጃንግል ራሱ ወደ ድራም ኤንድ ቤዝ ሲለወጥ ፍጥነቱ ጨምሮ በደቂቃ 174 አካባቢ ረጋ፤ ግማሹ 87 ነው፣ አሁንም ከዳንስሆል ክልል አልወጣም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ ለንደን የተነሳው ግራይም ደግሞ በ140 ተቀመጠ። የዚህ ግማሽ 70 ነው፤ ለዳንስሆል ልማድ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስለዚህ የግራይም ድምፃውያን በቀርፋፋው እርምጃ ላይ ቆመው በእያንዳንዱ ምት ብዙ ቀለም ማሸግ ተማሩ፤ ቃላቸው ከራጋው ይልቅ የጠበበና የተጨናነቀ የሚመስለው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። ሌቪን የመሰለ ድምፃዊ ግን ያው አንድ ግጥም በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለት መድረክ ሊያገለግለው ይችላል። ዓርብ ከሬጌ ባንድ ጋር በ85 አካባቢ ያቀርበዋል፤ ቅዳሜ ድራም ኤንድ ቤዝ ምሽት ላይ በእጥፍ በሚሮጥ ከበሮ ሥር ይደግመዋል፤ የቃላቱን አቀማመጥ መንካት አያስፈልገውም።